የኤርሚያስ ስምንት መቶ አሥራ ሁለት

ሰኞ

ዛሬ ቦርሳዬ ጮኸ። ለማንም እንዳታወሩብኝ እንጂ፣ የጮኸው በፋብሪካችን የውይይት ክበብ መሐል ነው። ሊቀመንበሩ ስለ ምርት ዕድገት እያነበቡ፣ እኛም ከሙቀቱ ጋር እየታገልን ሳለ፣ ከጭኔ ላይ “ጢጥ! ጢጥ! ጢጥ!” አለ። አዳራሹ በሙሉ ዞረ።

“የሚቀሰቅስ ሰዓት ነው፣ ጓድ” አልኩ።

“ማንን ሊቀሰቅስ? እኛ እኮ አልተኛንም” አሉ። ከኋላዬ የተኙት ሁሉ ሳቁ።

ሰዓት አልነበረም። የልጅ መጫወቻ ነው፤ መዳፍ የምታክል ጌም። አንድ ትንሽ ሰውዬ ከዛፍ የሚወድቅ ብርቱካን በቅርጫት ይቀልባል። በሠላሳ አራት ዓመቴ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆኜ፣ ይህን ይዤ ስዞር!

የታናሽ ወንድሜ የኤርሚያስ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ሊሄድ በዋዜማው ተቀምጦ ሲጫወት አመሸና ስምንት መቶ አሥራ ሁለት አገባ። ጌሙ ትልቁን ነጥብ ይይዛል፤ አንዲት ቁልፍ ተጭኖ ማየት ነው። ከሄደ አሥራ አንድ ወር ሆነው። ደብዳቤ ከቆመ ሰባት ወር። እማዬ ሁልጊዜ ከራት በፊት “እስቲ ቁጥሩን አሳዪኝ” ትላለች። ካየችው ትበላለች። ቁጥሩ ካለ ልጁ አለ ማለት ነው፤ በእሷ ቤት።

አሁን ግን መስታወቱ እየደበዘዘ ነው። ወደ ቦርሳዬ የገባውም ለዚሁ ነው፤ ነገ ሠሪ ጋ ልወስደው።

ማክሰኞ

ቀፊራ ገበያ፣ ሬዲዮ ሠሪው ሙሳ ጋ። ገልብጦ አየው፣ ጆሮው ላይ አስጠጋው፣ ምላሱን ጠቅ አደረገ።

“ባትሪው ነው፣ እህቴ። ይሄ ዓይነቱ ከጅቡቲ ነው የሚመጣው፤ ሲገኝ አመጣልሻለሁ።”

“ይቀየርልኛ!”

“የነገርሽኝ ቁጥር ነው የሚያሳዝነኝ። ባትሪው ሲወጣ ሁሉን ይረሳል ወላሂ። እንደ ሰካራም ነው።”

መቼም ፊቴ ተለዋውጦ ይሆናል፣ ወዲያው “አቦ፣ አታልቅሺ እንጂ!” አለኝ። ከዚያ ጋሽ ተስፋዬን አስታወሰኝ። የምድር ባቡር የቴሌግራፍ ሠራተኛ ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። አማቻቸው ከጅቡቲ ኮምፒዩተር አምጥቶላቸዋል፤ ከቴሌቪዥን ጋር የሚሰካ፣ የጻፉበትን በካሴት የሚይዝ። “ጌሙን ከእሱ ጋር ካገናኙት፣ ቁጥሩን እንደ ዘፈን ይቀዱልሻል” አለ ሙሳ።

እንደ ዘፈን! ከቀፊራ እስከ ቤት ጋሪ ላይ ለብቻዬ ፈገግ እያልኩ ሄድኩ።

ረቡዕ

ከዚራ ሰፈር፣ ጋሽ ተስፋዬ ቤት። ኮምፒዩተሩ ዳንቴል ለብሷል። ቴሌቪዥኑም። ሬዲዮኑም። ባለቤታቸው ዳንቴል ያላለበሷቸው እሳቸውን ብቻ ነው፤ እሱም ሙቀቱ ከልክሏቸው መሰለኝ።

እንደ ድሮ ባቡር ሠራተኞች ሴቱን ሁሉ በፈረንሳይኛ “ልጄ” ማለት ይወዳሉ። “ነይ እስቲ፣ ማ ፊይ።” መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጌሙን አራቱንም ጎን ዳበሱት።

“መግቢያ የለውም። ጆሮ የለው፣ አፍ የለው። በየት በኩል ላናግረው?”

“ወደ ካሴት አይሄድም?”

“አይሄድም፣ ማ ፊይ። አልዋሽሽም።”

ተነሥቼ ልሄድ ስል ጠሩኝ። ሌላ ነገር አስበዋል። ቁጥሩን ማውጣት ባይቻል፣ እንዳይጠፋ ማድረግ ይቻላል። ከኮምፒዩተሩ ጀርባ በሁለት ቀጭን ሽቦ ትንሽ ኤሌክትሪክ ወደ ጌሙ ይስባሉ፤ ጌሙ ከእሱ እየጠጣ ሳለ አሮጌው ባትሪ ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል። “ልክ ሞተር ሳይጠፋ ነጂ እንደ መቀየር።” ለቅዳሜ ተቀጣጠርን።

የሚያስፈልገው፦ ከሙሳ ሁለት ባትሪ። መብራት እንዳይጠፋ ጸሎት። እስከ ቅዳሜ ጌሙን አለመንካት።

ሐሙስ

ሙሳ ባትሪዎቹን አገኘ! በምን ባቡር እንደመጡ አልጠየቅሁም። በወረቀት ጠቅልዬ የፋብሪካው መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩባቸው፤ ቅዳሜ ከሥራ በዚያው ይዤ ልሄድ።

ማታ እማዬ እንደ ልማዷ ጠየቀች። ቁልፉን ተጫንኩ። ቁጥሩ እንደ ጥላ ነው፤ እኔ ራሴ ወደ አምፖሉ አዘንብዬ ነው ያየሁት። እማዬ ዓይኗን ብታጠብም አልታያትም። “ስምንት መቶ አሥራ ሁለት” ብዬ አነበብኩላት።

“ምን ሆኖ ነው እንዲህ የከሳው?”

“ባትሪው ደክሟል እንጂ ሌላ ነገር የለም። ቅዳሜ ይስተካከላል።”

በላች።

ዓርብ

ከሥራ ስመለስ እማዬ በር ላይ ጠበቀችኝ። ፊቷ በርቷል።

“የደከመውን አበረታሁልሽ!”

ግቢው ውስጥ፣ በርበሬ የተሰጣበት ሰፌድ ጠርዝ ላይ፣ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ የሚያብረቀርቁ ሁለት ትንንሽ ባትሪዎች ፀሐይ ይሞቃሉ። ከጠዋት ጀምሮ። የጌሙን ክዳን በአምስት ሳንቲም ጠምዝዛ ነው ያወጣቻቸው። “ደክሟል” ያልኩባትን ምላሴን ምናለ በቆረጠው።

“የሬዲዮኑንስ በዚህ አይደል ስንት ጊዜ ያስነሣሁት?” አለች።

እውነቷን ነው። የድሬ ፀሐይ ሬዲዮናችንን ስንት ጊዜ አስነሥታለች። አልጮህኩም። በቀሚሴ ጠርጌ መለስኳቸው። መስታወቱ ነቃ፤ ሥዕሉ እንደ አዲስ ደምቆ ጠቆረ፣ ሰውዬው ቅርጫቱን ይዞ ቆመ። ቁልፉን ተጫንኩ።

ዜሮ።

እማዬ ከትከሻዬ በላይ ታያለች። በመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀት ያገኘች ሴት ናት፤ ቁጥር አይደበቃትም።

“ይሄ ዜሮ ነው?”

“ነው።”

“እኔ ነኝ?”

ጌሙን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ራት አልበላችም።

ቅዳሜ

ቀጠሮ ቀጠሮ ነው ብዬ ሄድኩ። ጋሽ ተስፋዬ ሰምተው ለረጅም ጊዜ መነጽራቸውን ጠረጉ። ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሽቦዎቹን ባትሪው ከሚነካቸው ጫፎች ጋር አጣበቁና ኮምፒዩተሩን አበሩ። አሮጌዎቹን ባትሪዎች አወጡ። ጌሙ አልጠፋም፤ ሰውዬው እንደቆመ ነው። አዲሶቹን አስገቡ። ሠራ። በአንድም ነገር አልተሳሳቱም። የሚድን ቁጥር ብቻ አልነበረም።

“ይቅር በይኝ፣ ማ ፊይ፤ ረቡዕ ዕለቱን ላደርገው እችል ነበር” አሉ። ምን ባትሪ ኖሮ፣ ጋሽዬ?

ቤት ስገባ ጌሙን ይዤ ተቀመጥኩ። ስምንት መቶ አሥራ ሁለት ራሴ ላስገባ! ሠላሳ አንድ ላይ ብርቱካኑ ፈሰሰ። እማዬ “ተይው፤ ያንቺን ቁጥር ምን ላደርገው ነው?” አለችኝ። ዛሬም አልበላችም።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሳሎኑ ጥግ ተቀምጣ እጇን ስታይ አገኘኋት። “በዚህ እጄ ነው” ትላለች። መታገሥ አቃተኝና ዋሸሁ።

“እማዬ፣ አንቺ አይደለሽም። ገና ሐሙስ ማታ ጠፍቶ ነበር። እንዳትደነግጪ ብዬ ከራሴ ነው ያነበብኩልሽ።”

ቀና ብላ አየችኝ። ደረቷ ሲቀልላት አየሁ፤ እግዜር ይመስገን፣ አመነችኝ አልኩ። ቀጥላ ነጠላዋን ወደ አገጯ ሳበች።

“ሐሙስ ነዋ” አለች ቀስ ብላ። “ልጄን ያገኘው ነገር ያገኘው ሐሙስ ነው።”

ውሸቴን ልመልሰው አፌን ስከፍት በሩ ተንኳኳ። የቀበሌው ጥበቃ ነው። የዘማች ቤተሰቦች ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ቀበሌ ትገኙ ተብላችኋል አለ። ለምን እንደሆነ ብጠይቀው አያውቅም። ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ባጥሩ በኩል “ስኳር ሊያድሏችሁ ይሆናል አቦ፣ ባለፈውም ስኳር ነበር” ትላለች።

እማዬ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች። ስኳር እንደሆነ ነገ ለመሳቅ የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። ሌላም ከሆነ፣ እጄ ከታዘዘልኝ፣ ከቀበሌ እንደተመለስኩ የነገሩኝን እንዳለ እዚህ እጽፈዋለሁ፤ የተባለውን ቀን ጨምሬ። ሐሙስ ብቻ አይሁን።