እማዬን ያስተኛት ቃል

አባዬ ሆዴ፣

ከተለየኸን ሁለት ዓመት ሊሞላህ ሦስት ሳምንት ቀረው። የኦክላንዱን ቤት ለቀን ሳን ሆዜ ገብተናል፤ የእማዬ ዳሌ ደረጃውን አልችል ብሎ ነው። ልብስህን ለሰው ሰጠን። የሆስፒታል ሥራህን ደብተሮች ግን ይዘናቸው መጣን፤ እውነቱን ልንገርህ፣ ገልጬ አንብቤያቸው አላውቅም ነበር።

ባለፈው ወር ዳሌዋን ቀዶ ሕክምና እንድታደርግ ተወሰነ። ሆስፒታሉ በስልክ ያገናኘን አስተርጓሚ «ሙሉ በሙሉ ይደነዝዛሉ» አላት። እሷም «በቃ! ደንዝዤ ልቀር ነው እንዴ፣ ደንዛዛማ ሞልቷል» ብላ የስምምነቱን ፎርም ሳይን አላደርግም አለች። እምቢ ካለች ደግሞ ታውቃታለህ። ሐኪሙ ሳይቆይ መራመድ ታቆማለች አለኝ። አልጋ ላይ ልትቀር ነው ብዬ ፈራሁ።

ደብተርህን የገለጥኩት ያን ቀን ነው። ማደንዘዣ ሰጪ የሚባል ሰው በአገሩ ገና ብርቅ ሳለ፣ ኤተር የሚባለውን ማደንዘዣ ጨርቅ ላይ እያንጠባጠብክ፣ ማሽን በሌለበት ጣትህን በሽተኞቹ አንገት ላይ አድርገህ የልብ ምታቸውን ስታዳምጥ ኖረሃል። እዚህ አሜሪካ ግን የፓርኪንግ ጠባቂ ሆነህ አረጀህ። ከእያንዳንዱ በሽተኛ ስም ጎን ከመተኛቱ በፊት የተባለውን ቃልና አነቃቁን ጽፈሃል። «ትደነዝዛለህ» የተባለው ታግሎ ይተኛል፣ እያለቀሰ ይነቃል። ስንት ዓመት ለፍተህ የደረስክባት ቃል ይቺው ናት፦ «ትተኛለህ፤ እኔ ግን አልተኛም።» ከሥሯ ሁለቴ አስምረህባታል።

ለእማዬ አነበብኩላት። «የማይተኛው ማነው?» ብላ ብቻ ጠየቀች። ቃልህን ለማደንዘዣ ሐኪሟ ነገርኳት፤ ፊሊፒናዊት ናት፣ አማርኛውን በራሷ ፊደል መዳፏ ላይ ጻፈችው። ከእማዬ አልጋ አጠገብ ቆማ፣ እየተኮላተፈች፣ «እርስዎ ይተኛሉ፣ እኔ አልተኛም» አለቻት። እማዬ ሳቀች፤ ፈረመችም።

ስትነቃ አላለቀሰችም። ዙሪያዋን ቃኘችና «አባትሽ ምሳ በላ?» አለችኝ።

«በልቷል» አልኳት። ትንሽ ቆይታ ራሷ አስታወሰች፤ እጄን ያዘችኝ፣ ሁለታችንም አለቀስን።

አሁን በምርኩዝ ሰፈሩን ትዞራለች። እኔም ደብተሮችህን አንድ በአንድ እያነበብኩ ነው። እሷ ለአንድ ደቂቃ መሞትህን ረሳች፤ እኔ ግን በሕይወት ሳለህ ማን እንደሆንክ ሳልጠይቅህ ኖርኩ። ከእንግዲህ አልረሳህም፣ አባዬ።