መቻል በቅጽሩ በር ላይ

ሰኞ

ዛሬም ገባ። ሰው ሁሉ ለቅዳሴ አጎንብሶ ሳለ፣ ውሻችን መቻል በጭቃ እግሩ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጽር ሰንጥቆ አለፈና የባሌ የአያሌው መቃብር ላይ ተኛ። ዘበኛው አባ ይታየው በከዘራ ሲያባርሩት እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ቀረሁ። ለቅሶ ነው እፍረት? ሁለቱም።

በኋላ ጠሩኝ። “ልጄ፣ ውሻ ቅጽር እንደማይገባ ላንቺ አይነገርም። ሰበካ ጉባኤው መክሮበታል። በአርባው ዕለት ከገባ ሽንዲ ላለ ገበሬ ይሰጣል።”

የአያሌው አርባ እሑድ ነው። እሱን ቀብሬ መቻልንም ልሸኝ?

ማክሰኞ

ላሠለጥነው ነው። አዲስ አበባ ያለችው የእህቴ ልጅ በቴሌግራም ቪዲዮ ላከችልኝ። “አክስቴ፣ ሲምፕል ነው። ከታዘዘ ሥጋ፣ ካልታዘዘ ምንም።”

ገመድ ገዛሁ። ሥጋ ግን በፍልሰታ ጾም! ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንድም ሥጋ ቤት አልተከፈተም። ዳቦ ሰጠሁት። አሸተተና ቀና ብሎ አየኝ፤ ድግስ ተጠርቶ ውኃ እንደቀረበለት እንግዳ።

ረቡዕ

በሩን ዘግቼ እንቁላል ቀቀልኩ። ሽታ ግን በር አያግደውም። የአያሌው ታላቅ እህት እትዬ ደብሬ በአጥሩ ብቅ አሉ።

“ኧረ በእመቤቴ! በፍልሰታ እንቁላል?”

“ለመቻል ነው፣ እትዬ።”

“አዬ! እኔም ድመት ቢኖረኝ ቅቤ አነጥርላት ነበር።”

ስስቅ ራሴን ሰማሁት። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዬ። ወዲያው ደግሞ አለቀስኩ። እሳቸውም ዞረው መጡና አብረን አለቀስን። እንቁላሉን ግን ሲመሽ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶት ነበር፤ እትዬ ደብሬ ሐዘንና ወሬ አያምታቱም።

መቻል “ቁጭ በል” ስለው ይቀመጣል። ከግቢ ልወጣ ስል ግን ገመዱን እየነከሰ ያላዝናል።

ሐሙስ

ገባኝ። አያሌው ጠዋት የቡሬ መስመር ሚኒባሱን ሊያስነሳ ሲወጣ “ጠብቀኝ” ይለው ነበር። ሲመለስ መቻል መጀመሪያ የሚያሸተው ጫማውን ነው። “የት እንደዋልኩ ይመረምረኛል፤ አንቺ እንኳ እንዲህ አትመረምሪኝ” እያለ ይስቃል። መኪናው የተገለበጠ ቀንም “ጠብቀኝ” ብሎት ወጣ።

ታዲያ ይኼ እንስሳ ከበር የወጣ ሰው ይመለሳል ብሎ እንዴት ይመን? እኔስ አምናለሁ?

ያችን ቃል ልለው አፌን ከፈትኩ። አልወጣችልኝም።

ዓርብ

አልኩት። “ጠብቀኝ።” ጆሮው ቆመ። እኔን አልፎ ከኋላዬ ሰው ፈለገ።

እያለቀስኩ ወጣሁ፤ ከአጥሩ ጥግ ተመለስኩ። ቀጥሎ እስከ ሱቁ። ደግሞ እስከ ሱቁ። በተመለስኩ ቁጥር ቁራሽ እንቁላል። ባለሱቁ እየመጣሁ ምንም ሳልገዛ ስመለስ አይቶ፣ “እታለም፣ ምን ጠፍቶብዎ ነው?” አለኝ።

በመጨረሻ እስከ ወፍጮ ቤቱ ሄጄ መጣሁ። መቻል በሩ ላይ ተኝቷል። ገመዱን አልነካውም!

ቅዳሜ

ዝናብ። ቀኑን ሙሉ ለአርባው ሽሮና ምስር ስናሰናዳ ዋልን። ቤት ብተወው ተከትሎኝ ይመጣል፤ ቅጽሩ በር ላይ አስሬው ልገባ አሰብኩ፤ እትዬ ደብሬ “ታስሮ ከጮኸ ፍትሐቱን ያውካል” አሉ። “ፈትቼው ከገባብኝስ?” ስላቸው ምስራቸውን መልቀም ቀጠሉ።

እሑድ

በቅጽሩ በር ላይ ገመዱን ፈታሁ። “ጠብቀኝ።” አባ ይታየው ከዘራቸውን ይዘው ቆመዋል። መቻል አንድ እግሩን ከደፉ አሻገረ። ከዚያ መለሰው።

ዞሬ ሳላይ ገባሁ። ካህናቱ ሲደግሙ ጆሮዬ በር ላይ ነበር፤ አያሌው ይቅር ይበለኝ። የሚጮህ አልነበረም።

ስወጣ እዚያው አገኘሁት። አባ ይታየው ጃንጥላቸውን ወደሱ አዘንብለዋል። ሳያቸው፣ “ለውሻ ብዬ እንዳይመስልሽ፤ ዝናቡ በዚያ በኩል ስለመጣ ነው” አሉ።

መቻል ፊቴን አላየም። ጎንበስ ብሎ ጫማዬን አሸተተ፤ የመቃብሩን ቀይ ጭቃ። ቆየበት። ከዚያ አፍንጫውን ጫማዬ ላይ ጥሎ ተኛ። ሰው እየገፋኝ አለፈ፤ እኔ ግን እግሬን ማንሳት አልሆነልኝም።

አሁን ቤት ነን። ጫማዬ ደጃፍ ላይ ነው፣ መቻልም አጠገቡ። እትዬ ደብሬ ጫማውን ሊያጥቡት አንስተውት ነበር። ተዉት አልኳቸው።