የእናቴ ቤት አይሸጥም

ጥር 14
ገበያ ዋልኩ። ሽንኩርት ደግሞ ጨምሯል። የምመግበው አሥራ ሁለት ሴት ልጆች ነው... ከገጠር መጥተው ቡታጅራ የሚማሩ። እናቴ ስትሞት ቤቷን ለእነሱ ተወች፤ በስሟ ድርጅት ያቋቋምነውም ለዚሁ ነው።

የካቲት 3
አዲስ አበባ ያለው ረጂያችን ደወለ። ከሰኔ በኋላ መቀጠል አይችልም። "በርቱ" ብሎ ዘጋው። በርቱ...

የካቲት 9
ቦርዱ ተሰበሰበ። ሰብሳቢያችን ሐጂ ሙሀይሚን፣ "ሸምሶ ነጋዴው ቤቱን ይገዛል። ብሩን ባንክ አስገብተን፣ ለልጆቹ ቤት እንከራያለን" አሉ።
"ስንት ዓመት ያቆየናል?"
"አላህ ያውቃል።"
"እሱማ ያውቃል። እኛስ?"
የባንኩን ወለድ ሐራም ነው ብለው ሐጂ ራሳቸው አይነኩትም። ዋናው ደግሞ ኑሮ ሲወደድ እያነሰ ይሄዳል። ከዚያስ?
የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ እኔ ነኝ፤ ካልፈረምኩ አይሸጥም። አልፈርምም።

የካቲት 10
ግትር ነሽ ተባልኩ። ነኝ።

የካቲት 21
ሸምሶ ራሱ መጣ። "እህቴ፣ ዋጋ ልጨምርልሽ?"
"ቤቱ የልጆቹ ነው" አልኩት።
ፈቲሀ በር ላይ ቆማ ሰምታለች። አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። "እትዬ ባሂራ፣ ወደ አገራችን ልትመልሱን ነው?" ከተመለሰች ይድሯታል። ታውቃለች። እኔም አውቃለሁ።
"ሂጂ አጥኚ" አልኳት።

መጋቢት 2
ሳሎኑ እኮ መንገድ ዳር ነው! ግድግዳውን ከፍቶ ሦስት ሱቅ ማውጣት። ልጆቹ በጓሮ ክፍሎች ይተኛሉ። ገበያው ሲወደድ ኪራዩም ይጨምራል፤ ቤቱም አይሄድም። ለምን እስከዛሬ አልታየኝም?
ለሐጂ ነገርኳቸው።
"ማሠሪያው ከየት ይመጣል?"
"ባጃጄን እሸጣለሁ።"
"እንጀራሽ እኮ ናት።"
"አዎ።"
እሺም እምቢም አላሉም።

ሚያዝያ 17
ባጃጇን ሸጥኩ፤ ቤቱ አቧራ ብቻ። ሰፈሩ አብዳለች ይላል። ይበል። ዛሬ ሐጂ ሲሚንቶ አስጭነው መጡ። አብረን አወረድን።

ሐምሌ 5
እርዳታው ቆመ። ሁለት ሱቅ ተከራይቷል፣ አንዱ ባዶ ነው። ካልበቃን ሥጋ ይቀራል። ልጅ ግን አይቀነስም።

መስከረም 12
ሦስተኛው ሱቅ ልብስ ሰፊ ገባበት። ከኪራዩ ጥቂት ጥቂት ለቤቱ እድሳት እናስቀምጣለን፤ ያችን ብር ማንም አይነካትም። በእግር መሄድ ለምጃለሁ። ፈቲሀ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገባች።
በስብሰባው ላይ ሐጂ እንደ ልማዳቸው፣ "ዘንድሮ እርዳታ እንዲሰጠን ለማን እንጻፍ?" አሉ።
"ለማንም።"
ፈገግ አሉ። "እንግዲያው ሁለት ልጅ እንጨምር።"
"ሦስት" አልኩ።