ኤቤሊዮ ድራማ ውስጥ ገባ

እሑድ፣ ኦክቶበር 1

ዶሮ መጥቷል ተባለ። ሁለት ሰዓት ተሰለፍኩ። የመጣው ወሬው ነው፣ ዶሮው ገና ነው።

ዲስኩ ዛሬም ቀጭ ቀጭ ይላል። ፊልም የሚገለብጥልን የሰፈሩ ልጅ ዮኤልቢስ ትናንት ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠውና እንደ ሐኪም ራሱን ነቀነቀ። "አክስቴ ሚግዳሊያ፣ ይሄ ሊሞት ነው። ፋይልዎን ሌላ ቦታ ይገልብጡ።" ሌላ ቦታ የት? ትራሴ ውስጥ? ቤቱ ውስጥ ያለው ዲስክ አንድ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እሱኑ ለዮኤልቢስ እሰጠዋለሁ፣ የሳምንቱን ጥቅል... ድራማውን፣ ፊልሙን፣ ዘፈኑን... ሞልቶ ይመልስልኛል። ያለፈውን ሳምንት እኔው አጥፍቼ ነው ቦታ የማዘጋጀው። ኢንተርኔት እንደልብ በሌለበት ካማጉዌይ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚኖረው እንደዚሁ ነው።

ቢሆንም ፋይሎቼን ላደራጅ ተነሳሁ። ከፈትኩት። "አዲስ ፎልደር"፣ "አዲስ ፎልደር 2"፣ "ዋናው"፣ "ዋናው የመጨረሻ"፣ "እውነተኛው የመጨረሻ"... የባሌ የኤቤሊዮ ሥራ ነው። ነፍሱን ይማረውና መሳቢያውም እንደዚሁ ነበር።

የሱ ቪዲዮዎች ስልሳ አንድ ናቸው። ስልኩን የስኳር ቆርቆሮ ላይ አስደግፎ ዕቃ ሲፈታ ራሱን ይቀርጻል። ብሎኑ የት እንደነበረ እንዳይጠፋኝ ነው ይል ነበር። እኔ አልታይም። ባትሪ ይዤለት ከጎኑ ቆሜ እነዘንዛለሁ። ከሞተ አሥራ አራት ወር ሆነው፣ አንዱንም ከፍቼ አላየሁ። ድምፁ ግን ያለው እዛ ብቻ ነው። ሌላ የትም የለም።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 5

ዘዴ አገኘሁ። ሁሉም ፎልደር ይጠፋብኛል፣ የድራማው ብቻ አይጠፋኝም። በየቀኑ ነዋ የምከፍተው። ኤቤሊዮን እዛ አስገባሁት። በተቀረጹበት ቀን ቅደም ተከተል ክፍል 1፣ ክፍል 2፣ እያልኩ እስከ ክፍል 61። ከቱርኩና ከኮሎምቢያው ድራማ መሃል ነው ያለው። እንዲህ ነው ማደራጀት!

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 7

ዮኤልቢስ ዲስኬን ሲመልስ ፊቱ አመድ መስሏል። የእኔን ሞልቶ እንደጨረሰ መብራት ሄደና ከሃቫና የመጣለት ዋናው ዲስክ ተበላሸ። ደጁ ላይ ሃያ ሰው ተሰልፏል። ምን ያድርግ? ጥቅሉ በሙሉ ያለው እኔ ዲስክ ላይ ነው፣ ከእኔ ገልብጦ ለሁሉም አደለ። ለባያሞና ለኦልጊንም በአውቶቡስ ላከ።

"እርስዎ ባይኖሩ ግማሽ አገር ያለ ድራማ ይከርም ነበር፣ አክስቴ።"

ኩራት ተሰማኝ፣ ምን ልደብቅ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 10

መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ። በአራተኛው ዲስኩ ዝም አለ። አሁን ቀጭም አይልም።

የፈሩት ይደርሳል። አላለቀስኩም። ሩዙ ግን አረረ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 11

ጠዋት ልብስ አሰጣለሁ። ከጎረቤቴ ከኦስማይዳ መስኮት...

"ባትሪውን ወደ ጣቴ፣ ሴትዮ! ጆሮዬን ነው እንዴ የምጠግነው?"

ኤቤሊዮ ነው። ሸሚዙ ከእጄ ወደቀ። አበድኩ? ለማበድ ዕድሜዬ ነው? ሮጥኩ። ኦስማይዳ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ የተቀቀለ ዩካ እየበላች ቴሌቪዥን ታያለች። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ባሌ የልብስ ማጠቢያ ይፈታል።

"ቁጭ በይ፣ ክፍል ዘጠኝ ነው" አለችኝ። "አንቺ ግን... ኤቤሊዮ ተዋናይ መሆኑን ለምን ደበቅሽኝ? ሠላሳ ዓመት ጎረቤት ሆነን!"

"ተዋናይ አይደለም!"

"ሚስት ሆና የምትጫወተውስ ማናት? አትታይም፣ ምላሷ ግን መላጨት ይችላል።"

"እኔ ነኝ፣ ኦስማይዳ።"

ትንሽ አሰበች። "በእውነቱ ጎበዝ ነሽ" አለች።

ለካ ያ ዘዴዬ ነው። ዮኤልቢስ ከእኔ ሲገለብጥ የድራማውን ፎልደር እንዳለ አነሳው፣ ኤቤሊዮም አብሮ ተነሳ። አገሩን ሁሉ ዞሯል። ደስ ይበለኝ? ልፈር? ስልሳ አንድ ጊዜ ስጨቃጨቅ የሰማኝ ሕዝብ...

"ከክፍል አንድ ስጪኝ" አልኳት።

"ያየሁትንማ አጠፋሁት። ቦታ የለኝም እኮ፣ ሆዴ።"

ያኔ ገባኝ። ቅዳሜ አዲሱ ጥቅል ይመጣል። ሰው ሁሉ አሮጌውን ያጠፋል። ዮኤልቢስ ጋ ሄድኩ፣ ለራሱ ያስቀረው ኮፒም ሰኞ በአውቶቡስ ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል፣ እዛ ካዳረሱት በኋላ አጥፍተው ባዶውን ዲስክ ወደ ሃቫና ይመልሱታል። ፍላሽ አዋሰኝ። ሦስት ቀን አለኝ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 12

ቤት ለቤት። ልክ እንደ ክትባት ዘመቻ።

ዳቦ ቤት ያለችው ሴትዮ ከ20 እስከ 26 አላት። አላምንም አለችኝ። ሚስቲቱ አንቺ ከሆንሽ እንደ እሷ ተናገሪ አለች። ሰው በተሰለፈበት "ዓይንህን ክፈት እንጂ፣ እኔ ባትሪ እንጂ ጸሐይ አይደለሁም!" ብዬ ጮህኩ። አጨበጨቡ። ገለበጠችልኝ።

ፀጉር አስተካካዩ ክፍል 31ን የሚሰጠኝ አንድ ነገር ከመለስኩለት ብቻ ነው። "ለምን አልፈታሽም?"

"በክፍል ስንት?" አልኩት። ምን ልበል ታዲያ።

ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያሉት እህትማማቾች ለሁለት ተከፍለዋል። ታላቂቱ ከእኔ ወገን ናት፣ ታናሺቱ ልታየኝ አልፈለገችም፣ በሩን በእግሯ ነው የገፋችው። ሁለቱም ግን 2 እና 5ን አላጠፏቸውም፣ እሱ የሚስቅባቸው ናቸው አሉኝ። ይስቃል እንዴ? እኔ ባትሪውን ነበር የማየው።

ሠላሳ ስምንት ደረስኩ። እግሬ አብጧል።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 13

ዶን ፉልሄንሲዮ ጋ። ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፣ አሁን ዓይኑ ደክሟል። ሃያ ክፍል ይዟል፣ እያንዳንዱን ስሙን ለውጦ... "ማራገቢያ፣ ስህተት"፣ "ማቀዝቀዣ፣ ከባድ ስህተት"፣ "መፍጫ፣ ወንጀል"። ፋይል ማደራጀት የሚያውቅ ሰው አየሁ።

እየገለበጠልኝ እያለ "ወይዘሮ፣ ሰውዬው ጥገና አያውቅም" አለኝ።

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ አንድ ነገር አልገባኝም። ይመልከቱ።" ማራገቢያውን ከፈተው። ኤቤሊዮ መጣ። ማራገቢያው እየዞረ ነው። ኤቤሊዮ በጣቱ አቆመው፣ ሶኬቱን ነቀለ፣ ከዛ ወደ ጓዳ ዞሮ "ሚግዳሊያ! ይሄ ነገር ሞቷል፣ ባትሪውን ይዘሽ ነይ" ብሎ ተጣራ።

"ማቀዝቀዣውም እንደዚሁ" አለ ዶን ፉልሄንሲዮ። "እየሠራ ነው የከፈተው። መፍጫውም። ከሃያው አሥራ ስድስቱ ደህና ናቸው። እርስዎ ሳይገቡ በፊት ያለውን አላዩትም እንዴ?"

የት አይቼው። ስጠራ ነው የምገባው።

"ለምንድነው ደህና ዕቃ የሚፈታው?" አለኝ፣ እንደ ባለሙያ ተናዶ። አላውቅም አልኩት። ሲያሰናብተኝ ውኃ ይጠጡ አለኝ፣ ጠጣሁ። መንገድ ላይ ግን ቆምኩ። የምን አላውቅም ነው! ዝም ብሎ ነይ አጠገቤ ቁሚ ቢለኝ እሄድ ነበር? ሥራ አለኝ ነበር የምለው። ሁልጊዜ ሥራ አለኝ። እውነቱን ለመናገር ሥራም አልነበረኝም።

ናፈቀኝ። ይኸው ጻፍኩት።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 14

ሰዎች ከማለዳው ማጥፋት ጀምረዋል። ጫማ ሳላስር ወጣሁ። 17ን ከአንድ ሰርግ ቤት አወጣሁት፣ ሙሽራዋ ራሷ ቬሏን እንዳጠለቀች ገለበጠችልኝ። 44ን የወሰድኩት ሊያጠፋ ጣቱን ካስቀመጠ ሰው ነው። "ቆይ!" ስል ደንግጦ ወንበሩ ተገለበጠ።

ስልሳ ሞላ። 61 የለም። ሰው ሁሉ ግን አይቶታል።

"በመጨረሻው ይታረቃሉ" አለች የዳቦ ቤቷ። "አይታረቁም፣ ትታ ትሄዳለች" አለ ፀጉር አስተካካዩ። ኦስማይዳ ደግሞ ጨፍረዋል ትላለች። እሷ ዘጠኝ ላይ ናት፣ በምን አወቀች?

ዮኤልቢስ በአዲሱ ጥቅል መጀመሪያ ላይ ማስታወቂያ አስገባልኝ። ክፍል 61 ያለው ሰው በካማጉዌይ ጥቅል አከፋፋይ በኩል ለሚግዳሊያ ይላክላት ይላል።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 21

ከኦልጊን ፍላሽ መጣ። ክፍል 61 የሚል ፋይል አለው። ከፈትኩት... አንድ የማላውቀው ሰው ማቀዝቀዣ ይፈታል፣ ሚስቱ ባትሪ ይዛለች። እነሱ የሠሩት ነው። "መጨረሻው ስላላስደሰተን ቀየርነው" ይላል ወረቀቱ።

ከባያሞ ሦስት መጡ፣ ሦስቱም የተለያዩ። አንዱ ላይ እኔ በጥይት እሞታለሁ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 28

ዮኤልቢስ ቡናውን ጠጥቶ ሲጨርስ፣ "አክስቴ፣ እውነተኛው አይመጣም፣ ተስፋ ይቁረጡ" አለኝ። "ግን ስልሳውን አንድ ፍላሽ ላይ ይዘው መተኛት እብደት ነው። እንደገና ጥቅሉ ውስጥ ልክተታቸው? አሁንማ ሰው ያስቀምጣቸዋል። ከፈለጉ የርስዎን ድምፅ ልቁረጠው..."

"አትቁረጥ።"

"ስድቡንም?"

"ስድቡንም።"

የ61ን ቦታ ባዶ መተው አላስቻለኝም። ቁጭ ብዬ በአንድ ገጽ ጻፍኩት፣ እንደ ሌሎቹ ስም ሰጥቼ ፎልደሩ መጨረሻ ላይ አስቀመጥኩት። ዮኤልቢስ ሰው ማንበብ አይወድም ብሎ ተከራከረኝ። ያነበበ ያንብብ አልኩት። የጻፍኩት ይሄ ነው፦

"ክፍል 61። በመጨረሻው ቀን ኤቤሊዮ ካውያ ፈታ። አልተጨፈረም፣ ማንም ትቶ አልሄደም። ተበላሸ ብሎ ጠራኝ፣ ገባሁ፣ አንድ ሰዓት ያህል እየተነታረክን ቆምን። ካውያው ደህና ነበር። ጠዋት እኔው ራሴ ቀሚሴን ተኩሼበታለሁ። አውቄ ነው የገባሁት።"