ባለ ቀይ ጸጉሯ ሽማግሌ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 12፣ 2021

ዛሬ በመስፍን ክፍል በር ሳልፍ ሳቅ ሰማሁና ቆምኩ። የምናስተምረው አንድ ኮርስ ነው፤ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች በቡድን መሥራትን እንዲለምዱ። የእኔዎቹ ማስካቸውን አድርገው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። እንዳይጣሉ ብዬ ሥራውን ራሴ አከፋፍላቸዋለሁ። የእሱ ተማሪዎች ግን የድልድዩን ሞዴል ማን አበላሸው እያሉ ይጨቃጨቃሉ። ከሌላ ቡድን የመጣች ባለ ቀይ ጸጉር አሜሪካዊት መሃል ገብታ ሁለቱንም ወገን ታዳምጣለች። "ሺማግሌ! ሺማግሌ!" ይሏታል በፈረንጅ አፋቸው።

ቀናሁ። ሌላ ስም አልሰጠውም። መስፍንን ከሚስቱ ያስታረቅሁት እኔ ነኝ። እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ውስጥ ስንት ባልና ሚስት ሳስታርቅ ኖሬ፣ ነገሩን ክፍል ውስጥ ላስገባው አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩም።

መስፍን አየኝና ወጣ።

"ጋሼ፣ ከእርስዎ እኮ ነው የተማርኩት! ሐሙስ ይምጡና ራስዎ ያስረዷቸው። ሪል ሽማግሌ ይዩ እንጂ!"

"ሐሙስ ሚቲንግ አለብኝ" አልኩት።

ሐሙስ ምንም የለብኝም።