ያለ አንተ የተለካ ጎማ

ተስፍሽ ሆዴ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ጌታ ዘንድ የጎማ ነገር እንደማያሳስብህ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ጎማ ነው። ጨንቆኝ ነው፣ ሌላ ማንን ልጠይቅ?

ጀሞ ያው ጀሞ ነው። የታክሲው ሰልፍ አላጠረም። የታች ቤት ጎረቤታችን ፉሪ ላይ ቤት ሠርታ ወጣች። መጋረጃውን ቀየርኩት፤ ሶፋው ላይ ያንተን ጥግ ግን ማንም አይቀመጥበትም። የተለወጠው ልጅህ ነው። በረከት ከቀብርህ ወዲህ አንዲት እንባ አላፈሰሰም። ዝም ብሎ ይነዳል። ሞተር ቀይረህ ጉልበት የጨመርክላትን ዲኤክስ መኪናችንን እልህ እንደተጋባ ሰው ነው የሚነዳት። የላፍቶን ቁልቁለት ሲበርበት ያዩት እየመጡ ይነግሩኛል፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር መርዶ ይመስለኛል። ሁለተኛ ቀብር አልችልም፣ ተስፍሽ። በእውነት አልችልም።

አሁን ደግሞ አንተ የመረጥክላትን ባለ አሥራ አምስት ኢንች ቸርኬ አውልቆ ባለ አሥራ ሰባት ገጠመላት። ጎማው ሰፊ፣ ከፓራፋንጎው ሊወጣ ምንም ያልቀረው። እንዴት ያምራል መሰለህ! ቸርኬው ሲያድግ የጎማው ጎን ማጠር አለበት፣ ጠቅላላ ቁመቱ ግን መለወጥ የለበትም እያልክ ስንት ጊዜ አሰለቸኸኝ! ዛሬ እኔው ቃል በቃል እደግመዋለሁ፤ የሚሰማኝ ግን የለም።

አለካክህ ትዝ ይልሃል? መካኒሳ አቦ ያለው ወዳጅህ ጎሚስታው ጎማ ለሙከራ ያውስህና በእርጥብ ጠመኔ ትቀባዋለህ። ከዚያ ከቸርች መልስ፣ ከነእሁድ ልብሳችን፣ ሁላችንንም ትጭነናለህ። ባዶ መኪና ይዋሻል ትል ነበር። እኔ፣ በረከትና እህትህ አልማዝ ከኋላ፤ ጎሚስታው መሪ ላይ፤ አንተ ድምፁን ልትሰማ ከጎኑ። መሪው እስከ ጥግ ተጠምዞ የግቢውን ጉብታ እንወጣለን። ጠመኔው ከተፋቀ ጎማው ፓራፋንጎውን ይነካል ማለት ነው፣ ይመለሳል። ጎረቤት ሁሉ በረንዳ ላይ ወጥቶ ይስቅብን ነበር።

በረከትም ትናንት እንዳንተ አደረገ። ጠመኔ ቀባ፣ እኔንና አልማዝን ከኋላ ጫነን፣ ራሱ ነዳ። አልነካም። ልቡ በኩራት ሊፈነዳ ደረሰ፤ ነገ ጓደኞቹን ሞልቶ ሐዋሳ ሊወርድ ነውና። እኔ ግን ከፊት ለፊቴ ያለውን ባዶ ወንበር አየሁ። ወይኔ! አንተ እኮ ግዙፍ ሰው ነበርክ፤ ስትገባ መኪናዋ በአንድ ጎኗ ዝቅ ትል ነበር። ለካ ልጄ የለካው አንተን ቀንሶ ነው።

ጮህኩ። ዘበኛውን ለምኜ የጤፉን ኩንታል ከቤት አስወረድኩና ወንበርህ ላይ አስቀመጥኩት፣ ቀበቶም አሰርኩለት። አልማዝ ያበድኩ መስሏት ጌታ ሆይ ትል ጀመር። እንደገና ጉብታውን ስንወጣ ጎማው ፓራፋንጎውን ገዘገዘው፤ ድምፁ አጥንቴ ድረስ ገባ። በረከት ሞተሩን አጠፋ። ወደ ኩንታሉ ዞረና አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ። ከቀብርህ ወዲህ ገና ትናንት አለቀሰልህ።

ቸርኬውን ያውልቅ አያውልቅ እስካሁን አልነገረኝም። የመኪናዋን ቁልፍ ጡቴ ሥር ወሽቄ ነው የምጽፍልህ። ከመኝታ ቤቱ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ሊጠይቀኝ የመጣ ይመስለኛል። እምቢ ብለው በጓደኛው መኪና ይሄዳል፤ ብሰጠው ደግሞ እኔ ምን እሆናለሁ? አንተን መለመን እንደማይገባኝ አውቃለሁ፤ የምለምነውን ጌታ ለምኛለሁ። ላንተ ያለኝ ቃል ብቻ ነው። በሕይወት እስካለሁ በዚህ ቤት ጎማ የሚለካው አንተም ተቆጥረህ ነው። ኩንታሉ ዛሬም ወንበርህ ላይ ነው፣ ቀበቶውን አልፈታሁትም።

ያንተው ብርሃኔ