የተኮማተሩ ደም መልሶች

ጁን 4
ላውቶካ ከተማ ዛሬም ዝናብ። ጫማዬ እምቢ አለኝ። የሴሚን ነጠላ ጫማ አድርጌ ወጣሁ። ሠላሳ ወንድ በአንድ ፉጨት የማቆም የራግቢ ዳኛ፣ በባሌ ነጠላ ጫማ! የሴሚ አክስት ሜሬዋይ ያበጠ እግሬን አይታ፣ "ወንድ ነው። ወንድ ልጅ እናቱን ያሳብጣል" አለች። ስድስት ስለወለደች ፕሮፌሰር ሆናለች። ሴሚ ሳቀ። አክስቱ ፊት ከመሳቅ ሌላ ምን ያውቃል?

ጁን 9
ለእርግዝና ክትትል ሄድኩ። ሠላሳ ሦስተኛ ሳምንቴ። ግፊቴ ከፍ ብሏል፣ ሽንቴ ውስጥም ፕሮቲን ተገኘ። ሆስፒታል አስተኙኝ። ነርሷ ደም ልትቀዳ ክንዴን ብትመታው፣ ብታሸው... ደም ሥር የለም። ደም ሥሩ እንደ ገመድ ይገተር የነበረ ክንድ! ደጋግማ ወጋችኝ። "ይቅርታ እህቴ።" ይቅርታዋን ትታ ዒላማ በተለማመደች።

ጁን 10
ዶክተር ኒሌሽ የሚባል ለጋ ሐኪም መጣ። የእርጉዞችን ደም መልስ ያጠናል አሉ። ሰው ሥራ ሲያጣ...
"የኩላሊትሽን ደም መልስ በአልትራሳውንድ ልየው?"
"ሌላ የሚታይ አጣህ?"
ሳቀ። ይሄም ይስቃል።
ስክሪኑ ላይ የደሙን ፍሰት ሞገድ አሳየኝ። ለስላሳ መሆን ነበረበት፤ የኔ መሀሉ ላይ ተሰርጉዷል።
"ደም ቅዳ ይልካል። ደም መልስ ደግሞ ይመልሳል፣ ያጠራቅማልም። በእርግዝና ጊዜ ላልቶ ትርፉን ደም መያዝ ነበረበት። ያንቺ ተኮማተረ። ውኃው ከደም ሥር ወደ ሥጋሽ እየወጣ ነው።"
"እንዲህ አብጬ፣ ውስጤ ግን ጎድሎበታል ነው የምትለኝ?"
"እንደዚያ በይው።"
"ይሄን ማወቅህ ምን ይፈይድልኛል?"
"ብቻውን ብዙም አይፈይድም። ገና እየተጠና ነው። ግፊትሽና ይሄ ሲደመር ግን ወደ ቤት አልልክሽም።"
ቢያንስ አይዋሽም።

ጁን 12
አክስቲቱ አሻሺ አስከትላ ከች አለች። የኮኮናት ዘይት በጠርሙስ!
"እግሯ ይታሽና ወደ ቤት! ቅዳሜ ሠርግ አለብን፣ ምንጣፉን ማን ሊያነጥፍ ነው? እዚህ ተጋድማ የሐኪም መጫወቻ ትሆናለች እንዴ?"
ሴሚ ወለሉን ያያል። ወለሉ ምን አለው?
ራሴ ሊፈነዳ ደርሷል። ዓይኔ ፊት ብልጭ ድርግም...
"ሴሚ፣ ኮከብ ይታየኛል።"
"በጠራራ ፀሐይ?" አለች አክስቲቱ።
ሴሚ ቀና አለ። ፊቱ አመድ መስሏል። "አክስቴ፣ ይውጡልን።"
ከተጋባን ጀምሮ የጠበቅኩት ቃል! ላጣጥመው እንኳ አልቻልኩም። ሴሚ ነርስ እየተጣራ ሮጠ። (ይሄን ኋላ ነው የጻፍኩት።)

ጁን 15
ሴት ናት። ያለ ጊዜዋ በቀዶ ጥገና አወጧት። ሁለት ኪሎ አትሞላም። ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ እንደ ዓሣ አፏን ትከፍታለች። ወንድ ነው ያለችው ፕሮፌሰር የት ገባች?
አለቀስኩ። ማንም አላየም።

ጁላይ 28
ኒሌሽ ደግሞ አየኝ። ሞገዱ ለስልሷል፤ ደም መልሶቼ ላልተዋል። ግፊቴ ግን ገና መድኃኒት ይፈልጋል። "ለሚቀጥለው እርግዝና ቀደም ብለሽ ነይ" አለኝ። የሚቀጥለው! ይሄ ሰው ጤነኛ ነው?
ልጅቷን ይዘን ቤት ስንደርስ አክስቲቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ "ሕመሙን መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ" ስትል ከርማለች አሉ።
"ሜሬዋይ ብላችኋታል፣ አይደል? በስሜ?"
"አይደለም" አለ ሴሚ። አልሳቀም። "ሎሳሊኒ ነው ስሟ።"
አክስቲቱ ትንሽ ሴትዮ ሆና ታየችኝ... ልጅቷን አስታቀፍኳት። ለምን? እንጃ። በአንድ ክንዷ ብቻ ያዘቻት።
"ጭንቅላቷን ይደግፉ" አልኳት።
"ስድስት ወልጃለሁ እኮ!"
"እንግዲያው ይደግፉ።"
ደገፈች።